መቀነቱ ሳይፈታ "ሆድ ለስላሳ ነው" ብዬ የጻፍኩበት ምሽት፦ የአንድ የአንጀት መዘጋት ጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሆድ መመርመር የየቀን ሥራዬ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ምሽት አንጀታቸው የተዘጋ እናት መርምሬ ካርዳቸው ላይ "ሆድ ለስላሳ ነው፣ እብጠት የለም" ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ የታየኝ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የአንጀታቸው ቁራጭ በነዚያ ሰዓታት ይሙት፣ ወይም ቀድሞ ሞቶ ይቆይ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ታካሚዋ፣ ቤተሰባቸውና ሆስፒታሉ አይጠቀሱም። ማንነታቸውን ሊያሳውቅ የሚችል ዝርዝርም ትቻለሁ። የቀረው እንዳየሁት ነው።

ታካሚዋ እንዴት መጡ

ዕድሜያቸው 65 ገደማ ይሆናል። ቀጭን ናቸው፣ 46 ኪሎ። ከከተማ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ ሴት ልጃቸውና ወንድ ልጃቸው ይዘዋቸው መጡ። ሕመሙ ከጀመራቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን ቤት ውስጥ ፌጦ በሎሚ ጠጡ። ትንሽ የተሻላቸው መሰለ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጨጓራ ነው ተብለው ኦሜፕራዞል ተሰጣቸው፣ ለቁርጠቱ ደግሞ ቡስኮፓን ተወጉ። በሦስተኛው ቀን ማስመለሱ ስለባሰ ተመልሰው ሄዱ፣ ቡስኮፓኑ ተደገመላቸውና ሪፈር ተጻፈላቸው።

ሪፈሩ ላይ "አጣዳፊ የጨጓራ ሕመም፣ የፈሳሽ እጥረት" ይላል። የመጨረሻው ቡስኮፓን የተሰጠበት ሰዓት "4:00" ተብሎ ተጽፏል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ 4፣ ማለትም ከቀኑ 10 ሰዓት? ወረቀቱ አይናገርም። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ግን ታካሚዋ እኛ ጋ ሲደርሱ ቁርጠቱ ረገብ ብሎ ነበር። መርፌው የተወጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ከሆነ ገና እየሠራ ነው፣ ሕመሙን ሸፍኖብናል ማለት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ ኃይሉ አልቋል። ይህን ደውዬ ማጣራት እችል ነበር። አልደወልኩም።

የመጀመሪያው ምርመራ

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ክፍሉ ሞልቷል፣ ኮሪደር ላይ አልጋ ተዘርግቶላቸው ተኙ። የደም ግፊት 100/60፣ የልብ ምት 108፣ ትንፋሽ 22፣ ሙቀት 36.8። ምላሳቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ፈሳሽ እንዳነሳቸው ግልጽ ነው።

"እናቴ፣ ውጭ ወጥተዋል?" አልኳቸው። ልጃቸው ቀድማ "አዎ፣ ትናንት ማታ ወጥታለች" አለችኝ። ሰገራ ወጥቷል ብዬ መዘገብኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ልጅቷ የነገረችኝ እናቷ ለማስመለስ ደጅ መውጣታቸውን ነው።

"አየር ይወጣል?" ብዬ ቀጠልኩ። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝ። ዝምታውን እንደ አዎንታ ወሰድኩት።

ከዚያ ሆድ። የሀበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ከሥሩ ሌላ ልብስ አለ፣ ወገባቸውን በሰፊ መቀነት ሦስት አራት ዙር ታጥቀዋል። ሰው የሚመላለስበት ኮሪደር ነው፣ መጋረጃ የለም፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ እሳቸው በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። አፈርኩ። ከመቀነቱ በላይና በታች በቀሚሱ ላይ ጫን ጫን አደረግኩ። ለስላሳ መሰለኝ። ስቴቶስኮፑንም ጨርቁ ላይ አድርጌ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማሁ። ድምፅ አለ። ጽፌ ወደሚቀጥለው ታካሚ ሄድኩ።

ተረኛው ሐኪም ብዙ በሽተኛ ላይ ስለነበር በእኔ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ አዘዘ፦ አንድ ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ ኦሜፕራዞል፣ ለማስመለሱ ፕላሲል። ፕላሲል አንጀትን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ነው። መንገዱ የተዘጋበትን አንጀት ግፋ ማለት ቁርጠቱን ማባባስ ነው፣ ለጉዳትም ይዳርጋል። የወጋሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ያሳሳተኝ ነገር ነበር። በእኛ ሆስፒታል የአንጀት መዘጋት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ሸምገል ያሉ ገበሬዎች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ በቃሬዛ ሲመጡ ከበሩ ላይ እናውቃቸዋለን። ዓይኔ የለመደው ያንን ነው። ቀጭን ሴት፣ ከነመቀነታቸው፣ "ጨጓራ" የሚል ወረቀት ይዘው ሲመጡ ሐሳቤ ወደዚያ አልሄደም።

ያለፉኝ ምልክቶች

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሕመሙ ተመለሰ። ይጮሃሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጸጥ ይላሉ፣ ደግሞ ይጮሃሉ። ጎን ካለው አልጋ የሚያስታምሙ ሴትዮ ጠርተውኝ "ይሄ የጨጓራ አይመስለኝም ልጄ፣ እንደ ምጥ እኮ ነው የሚመላለስባቸው" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ገለጻ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም። የተዘጋ ቀጭን አንጀት ሕመም ይኸው ነው፦ አንጀቱ መሰናክሉን ሊገፋ ሲጨማደድ ይመጣል፣ ሲደክም ይለቃል። ሰማሁ፣ ግን በዚያው ቅጽበት የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ገቡና ወደዚያ ሮጥኩ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ልጅቷ ከፔርሙስ አጥሚት ቀድታ አጠጣቻቸው። በአፍ ምንም እንዳይሰጥ የነገራት ሰው አልነበረም። እናቷ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሱም፣ ልጅ ምን ታድርግ? ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም አስመለሱት።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሳፋውን ልደፋ አነሳሁ። ቀን ላይ አረንጓዴ ነበር የተባለው ትውከት ቡናማ ሆኗል። ሽታው የሰገራ ነው። እዚያው ቆምኩ።

ሁለተኛው ምርመራ

አብራኝ ተረኛ የነበረችውን ሲስተር ጠራሁ። ልጅቷና እሷ ጋቢ በሁለት ጫፍ ይዘው መጋረጃ ሆኑልን። "እናቴ፣ መቀነትዎን ልፍታው?" አልኳቸው። "ፍታው ልጄ፣ ብቻ ይሻለኝ" አሉ።

መቀነቱ ሲላላ ሆዳቸው ከፍ ብሎ ወጣ። የጨርቁ ጥለት ቆዳቸው ላይ ታትሟል። ሕመሙ ሲጀምራቸው ይይዝልኛል ብለው እያጠበቁ ነበር የታጠቁት። የሆዱን መነፋት ከዓይኔ የደበቀው ያ መቀነት ነው።

አሁን በቅደም ተከተሉ ሄድኩ፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ መዳሰስ። ማዳመጥ ከመዳሰስ የሚቀድመው እጅ አንጀቱን ሲነካካው ድምፁ ሊለወጥ ስለሚችል ነው።

ከጡት ሥር እስከ ጉልበት ገለጥኩ። የቀዶ ሕክምና ጠባሳ የለም። ስለዚህ ከድሮ ኦፕሬሽን የተረፈ የአንጀት መጣበቅ ነው የሚለው ግምት ራቀ። ቁርጠቱ ሲመጣ ከቆዳው ሥር አንጀቱ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ማዕበል ይሄዳል። ይህ የሚታየው እንደ እሳቸው ቀጭን በሆነ ሰው ላይ ነው። በእምብርታቸው ዙሪያ በሜትር ለካሁ፣ 84 ሴንቲሜትር። ቀጣዩ ሰው እዚያው ቦታ ላይ እንዲለካ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት።

ስቴቶስኮፑን ቆዳቸው ላይ አሳረፍኩና ጠበቅኩ። መጀመሪያ ዝም ነው። ከዚያ የእጄን አንጓ ጨምድደው ያዙኝ፣ ሕመሙ መጣ። በዚያው ቅጽበት ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ የሚያንጠባጥብ ድምፅ ሞላ። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጄሪካን ውስጥ ጠብታ ሲወርድ እንደሚሰማው። እጄን ሲለቁኝ ድምፁም አብሮ ጠፋ። የአንጀት ድምፅ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከሕመሙ ጋር አብሮ ሲመጣና ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

በጣት ስመታው ሆዱ እንደ ከበሮ ይሰማል። ሲዳሰስ አልጠነከረም፣ በስተቀኝ ታች ግን ያማቸዋል።

ከዚያ ወደ ብሽሽት። በቀኝ በኩል፣ ከብሽሽቱ እጥፋት በታች ወደ ጭን ሥር፣ የሎሚ ፍሬ የምታህል ጠንካራ እብጠት እጄ ላይ አረፈች። ቆዳው አልቀላም። ገና በጣቴ ነካ ሳደርጋት ጮኹ። ሳሉ አልኳቸው፣ እብጠቷ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይቺ መቼ ነው የወጣችው?"

"የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ አለች። ተኝቼ ስገፋት ትገባ ነበር። አሁን እንቢ አለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ ልጄ?"

ልጅቷ ጋቢውን እንደያዘች አለቀሰች። እሷም አታውቅም ነበር። እናትየው ቀጥለው "ቡአ የወንድ አይደል እንዴ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አሁን ጥያቄዬንም አስተካከልኩ። "ሰገራ ከመጣዎት ስንት ቀን ሆነ?" ሦስት ቀን። "ፈስስ?" ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ የለም። ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ፣ እሳቸው ግን ወዲያው መለሱልኝ።

ይህ ቡአ ምንድን ነው

ቡአ የሆድ ዕቃ በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ የሚፈጠር እብጠት ነው። ሰው የሚያውቀው ከብሽሽቱ መስመር በላይ የሚወጣውና በወንዶች የሚበዛው ነው። የእኚህ እናት ግን ከመስመሩ በታች፣ የጭን ደም ሥሮች በሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ በኩል የሚወጣው ዓይነት ነው። ፌሞራል ኸርኒያ ይባላል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በዕድሜ በገፉ እናቶች ይበዛል። ቀዳዳው ጠባብና የማይለጠጥ ስለሆነ የገባውን አንጀት አንቆ ይይዛል፣ ደም ያሳጣዋል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ልብስ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ የሚታነቀው የአንጀቱ ግድግዳ በከፊል ብቻ ነው። ያኔ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሆድ ላይነፋ፣ ሰገራም ሊቀጥል ይችላል፣ አንጀቱ ግን እየሞተ ነው።

ሰገራ መውጣቱም ቢሆን መዘጋትን አያስቀርም። ከተዘጋው ቦታ በታች ቀድሞ የነበረው ሰገራ በመጀመሪያው ቀን ሊወጣ ይችላል።

የተወሰደው እርምጃ

በዚያ ሰዓት የደም ግፊታቸው 90/60፣ የልብ ምታቸው 126፣ ትንፋሻቸው 26 ደርሷል። ሙቀታቸው 37.1 ብቻ ነው። ትኩሳት አለመኖሩ አንዳንዱን ያዘናጋል። እኔን ያስደነገጠኝ የልብ ምቱ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሊትር ፈሳሽ ከገባላቸው በኋላ ነው የጨመረው።

ተረኛውን አይኢኤስኦ፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያውን ማለቴ ነው፣ በስልክ ጠራሁት። "የሆድ ሕመም ያለባቸው ሴት አሉ" ብል ኖሮ ተራ ይጠብቁ ነበር። ያልኩት እንዲህ ነው፦ "የታነቀ ቡአ እና የአንጀት መዘጋት ይመስለኛል። 65 ዓመት ገደማ፣ ሦስት ቀን ሰገራ የለም፣ አየርም ቆሟል፣ ትውከቱ የሰገራ ሽታ አለው፣ በቀኝ ብሽሽት የማይገባ የሚያም እብጠት አለ፣ ልብ ምት 126። አሁን ናልኝ።" በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ።

እብጠቷን ገፍቶ ለመመለስ አልሞከረም። የሞተ አንጀት ወደ ሆድ ከተመለሰ እዚያው ይበሳል።

ፕላሲሉ ቆመ፣ በአፍ ምንም እንዳይሰጥ ለልጆቹ ምክንያቱን አስረድተን ፔርሙሱን ወሰድንባቸው። ሁለት ባለ 18 ቁጥር ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ገባ፣ ሪንገር በፍጥነት ተለቀቀ። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ተጀመሩ። የሽንት ቱቦ ሲገባ የወጣው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ የጠቆረ። በ46 ኪሎ ሰው በሰዓት ቢያንስ 23 ሚሊ ሊትር እንጠብቃለንና በየሰዓቱ መለካት ጀመርን።

ጨጓራን ለማራገፍ የሚገባው የአፍንጫ ቱቦ መጀመሪያ አፋቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ቀና አድርገን አስቀምጠናቸው፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ዝቅ አድርገው እንዲውጡ እየነገርናቸው ገባ። 1,100 ሚሊ ሊትር ቡናማ ፈሳሽ ወጣ። የመምጠጫ ማሽኑ ሌላ ታካሚ ላይ ስለነበር በሽንት ከረጢት ዝቅ አድርገን በራሱ እንዲወርድ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ማስመለሱ ቆመ፣ ፊታቸውም ትንሽ ፈታ አለ። ቆመው በተነሳው ራጅ ላይ የተነፋ ቀጭን አንጀትና ደረጃ ደረጃ የሠራ የፈሳሽና የአየር መስመር ታየ። በማስመለስ የሚቀንሰውን የደም ማዕድን፣ ፖታሲየምን፣ ግን በዚያ ሌሊት መለካት አልተቻለም።

ወንድ ልጃቸው ታላቅ ወንድሙ ሳይመጣ እንደማይፈርም ነገረን። በዚህ 40 ደቂቃ ሄደብን። አይኢኤስኦው ወደ እናትየው ዞሮ፣ የታነቀ አንጀት መሆኑን፣ ካልተከፈተ እንደሚበሰብስ፣ ሊቆረጥ እንደሚችል በቀስታ አስረዳቸው። "የታመምኩት እኔ ነኝ፣ ቀለሙን አምጡ" አሉና በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከመጀመሪያውም መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ኦፕሬሽን ክፍል ገቡ። 12 ሴንቲሜትር ያህል ቀጭን አንጀት ጠቁሮ ነበር። ተቆርጦ ጤነኛው ከጤነኛው ጋር ተሰፋ፣ ቀዳዳውም ተደፈነ።

የሠራውና ያልሠራው

በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ከዎርድ እየሮጠች መጥታ "ፈሳች!" አለችኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በስድስተኛው ቀን ግን ቁስሉ መግል ያዘ። ጥቂት ስፌት ተፈትቶ በየቀኑ ይታጠብ ጀመር። በዚህ ምክንያት ቤታቸው የገቡት በ12ኛው ቀን ነው።

የሠራው፣ ልብሱን ገልጦ ማየቱ፣ የአፍንጫ ቱቦውና በቁጥር የተደገፈው ጥሪ ነው። ያልሠራው ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ከላይ አለ። አንዱን ልጨምር። "ሆድ ለስላሳ ነው" የሚለው ጽሑፌ ከጻፍኩት በኋላ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ። ተረኛው ሐኪም አመነው፣ ሌሎች ነርሶችም አነበቡት፣ እኔም ራሴ ቁርጠቱ ሲመለስ "ሆዷ እኮ ደህና ነው" ብዬ አሰብኩ። በልብስ ላይ የተደረገ ምርመራ ከሆነ "በልብስ ላይ ታይቷል፣ ብሽሽት አልታየም" ተብሎ ቢጻፍ ቀጣዩ ሰው ይገልጠዋል። ባዶ ቦታ መተው እንኳን ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ በእኛ ክፍል

ጉዳዩን በጠዋት ስብሰባ ላይ እንዳለ አቀረብኩት፣ የራሴንም ስህተት ጨምሮ። አንዳንዱ ዝም አለ። አንዲት ሲስተር ግን "እኔም መቀነት ፈትቼ አላውቅም" አለች። ከዚያ ወዲህ ማስመለስና የሆድ ሕመም ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ በእጅ የምንጽፋቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ሰገራ መቼ ወጣ፣ ፈስ መቼ ወጣ፣ ሁለቱም ብሽሽት ታይቷል ወይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ታካሚውን ራሱን እንጠይቃለን፣ በሚገባው ቃል። አንዳንድ ወጣት ነርሶች ቃሉን ለማለት ያፍራሉ። እኔም አፍር ነበርና አልፈርድባቸውም፣ አብሬያቸው ቆሜ እጠይቃለሁ።

ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ሆዱን እንደገና እናየዋለን፣ እንለካዋለን። ይመላለስ የነበረው ሕመም የማያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም ልብ ምት ፈሳሽ እየገባ ከጨመረ፣ ቀጣዩን ዙር ሳንጠብቅ ሐኪም እንጠራለን። በሪፈር ወረቀት ላይም ሰዓት ስንጽፍ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ የሚለውን አብረን እንጽፋለን። መጋረጃው እስካሁን አልተሟላም። ኮሪደር ላይ ሲሆን ዛሬም በጋቢ ነው የምንሠራው።

ታካሚዋ ከወር በኋላ ለቀጠሮ መጡ። ቁስላቸው ደርቋል፣ ትንሽ ወፍረዋል። ብቻቸውን አልነበሩም። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ጎረቤታቸውን ይዘው ወደ እኔ ቀረቡና "ልጄ፣ እሷም እንደኔው ደብቃት የኖረች አለች፣ እያት" አሉኝ። ሲስተሯን ጠርቼ ገባን። በግራ ብሽሽት፣ ስትገፋ የምትገባ ትንሽ እብጠት ነበረች። ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አስያዝንላቸው።